ፍሪሲዮን አልለይ ሲል፦ ከመፍታት በፊት ማጣራት



ርዕሱን አይቶ «ይህ ለሜካኒካል ተማሪ እንጂ ለእኔ ምኔ ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ሆኖም ከመካከላችን አባቱ ወይም ወንድሙ በሚኒባስ ወይም በፒክአፕ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ብዙ ነው። መኪናው አንድ ሳምንት ጋራዥ ሲቆም ቤት ውስጥ ምን እንደሚጎድል ለእነዚህ ተማሪዎች መንገር አያስፈልግም። ጋራዥ ሄዶ «ካምቢዮው መውረድ አለበት» ሲባል ትክክል ይሁን አይሁን መጠየቅ የሚችል ሰው ቤተሰቡን ከብዙ ወጪ ያድናል። መካኒክ ለመሆን ላሰበ ደግሞ ጉዳዩ የአማና ጉዳይ ነው። እኛ ይህን የተማርነው ተሳስተን ነውና ከስህተታችን እንጀምር።

የእኛ የተሳሳተ ፍርድ

ሦስት የጀመዓችን አባላት፣ ሁለት ወንድሞችና አንዲት እህት፣ ለተግባር ልምምድ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ ተመድበን ነበር። አንድ ቀን ባለ ሁለት መቀመጫ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 እየተጎተተች መጣች። ይህች የስፖርት መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው በ1989 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የመኪና ትርኢት ሲሆን፣ በ2016 እ.ኤ.አ. አንድ ሚሊዮንኛዋ ተመርታለች። ሞተሯ ከፊት ነው፤ የሚነዱት የኋላ ጎማዎች ናቸው፤ ፍሪሲዮኗም በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ ነው።

ባለቤቱ የነገረን ይህን ነው፦ ፔዳሉ ሲረገጥ ያለምንም ጉልበት እስከ ወለል ይወርዳል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሹ ይገባል፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን እየተንጫጫ እምቢ ይላል። ቀድሞ ያሳየበት ጋራዥ ዲስኩ ስላለቀ ሙሉ ፍሪሲዮኑ መቀየር አለበት ብሎታል። እኛም መኪናዋ አሮጌ መሆኗን አየንና «አዎ፣ ዲስኩ አልቋል» አልን። ሰውየውም ተስማማ፤ ገንዘቡንም ሊከፍል ተዘጋጀ።

ዋናው መካኒክ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦ «ምኑን አይታችሁ ነው?» መልስ አልነበረንም። ኮፋኖውን እንኳ አልከፈትንም ነበር።

ፍሪሲዮን ምን ይሠራል?

ሞተር እስከተነሳ ድረስ ቮላኖው ይሽከረከራል። በቮላኖውና በካምቢዮው መካከል ዲስክ አለ። ጠንካራ ሞላ ያለው ሰሌዳ ዲስኩን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ የሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማ የሚሄደው በዚህ መጣበቅ ነው። ማርሽ ለመቀየር ዲስኩ ለአፍታ ከቮላኖው መለየት ይኖርበታል። ፔዳሉን ስንረግጥ አንድ ሹካ ኩሽኔታውን ይገፋል፤ ኩሽኔታው የሞላውን ጣቶች ይጫናል፤ ሰሌዳው ዲስኩን ይለቃል።

ጥያቄው የእግራችን ጉልበት ከፔዳሉ እስከ ሹካው እንዴት ይደርሳል የሚለው ነው። በአንዳንድ መኪኖች በሽቦ ነው። በሌሎቹ ደግሞ በፍሬን ዘይት ነው፤ ይህች መኪና ከእነዚህ ናት። ከፔዳሉ ጋር የተያያዘ የላይኛው ፖምፓ አለ፤ ከካምቢዮው ጎን የታችኛው ፖምፓ አለ፤ ሁለቱን ቱቦ ያገናኛቸዋል። ላይ ሲረገጥ ታች ያለው ፒስተን ወጥቶ ሹካውን ይገፋል።

ይህ የሚሆነው በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ላይ የተጫነ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚተላለፍ ነው። ሕጉ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖረው ፈረንሳዊ ብሌዝ ፓስካል ስም ይጠራል። በሲሊንደር ውስጥ በሚመላለስ ፒስተን ፈሳሽ ማንቀሳቀስ ግን ከዚያ የቆየ ነው። ኢስማዒል አል-ጀዘሪ በ1206 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቀው የመሣሪያዎች መጽሐፉ ሁለት ሲሊንደር ያለው የውሃ መሳቢያ ገልጿል። የእርሱ መሣሪያ ውሃ መሳቢያ እንጂ ፍሪሲዮን አልነበረምና ከዚህ በላይ አናጋንነውም።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ የላይኛው ፒስተን ስፋት 16 ሚ.ሜ.፣ የታችኛው 19 ሚ.ሜ. ቢሆን፣ የታችኛው የገጽ ስፋት ከላይኛው በ1.4 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ጉልበቱ በ1.4 እጥፍ ይጨምራል፤ የሚጓዘው ርቀት ግን በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዚህ ምሳሌ ከመስመሩ አንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ቢያመልጥ፣ ማለትም የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ ብቻ፣ የታችኛው ፒስተን 3.5 ሚ.ሜ. ያህል ጉዞ ያጣል። ፒስተኑ ሹካውን ለመግፋት ያለው ጉዞ በጥቅሉ አንድ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ለዓይን የማይሞላ ጠብታ ትልቅ መኪና የሚያቆመው በዚህ ምክንያት ነው። አየር ሲገባም ውጤቱ ያው ነው፤ ዘይት አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል። እግራችን ሹካውን በመግፋት ፈንታ አየሩን ሲጨምቅ ይውላል።

ሁለት በሽታዎችን መለየት

የእኛ ስህተት ሁለት የማይመሳሰሉ በሽታዎችን ማደባለቅ ነበር።

የመጀመሪያው መንሸራተት ነው። ዲስኩ ሲያልቅ ከቮላኖው ጋር አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። ነዳጅ ሲሰጥ የሞተሩ ድምፅ ይጨምራል፤ መኪናው ግን አይፈጥንም። ዳገት ላይ ይብሳል፤ የመቃጠል ሽታም ይመጣል። ማርሹ ግን ያለችግር ይገባል።

ሁለተኛው አለመለየት ነው። ፔዳሉ ተረግጦም ዲስኩ ከቮላኖው አይላቀቅም። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ ይገባል፤ ሲነሳ ይንጫጫል፤ በተለይ የኋላ ማርሽ። አንደኛ ማርሽ ገብቶ ፔዳሉ እንደተረገጠ መኪናው ወደፊት ይሳባል። ፔዳሉ ደጋግሞ ሲረገጥ ለጊዜው የሚሻለው ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፈሳሹ መስመር ያጋድላል።

የመኪናዋ ባለቤት የነገረን ምልክት በሙሉ የሁለተኛው ነበር። ያለቀ ዲስክ ፔዳልን ወለል አያስነካም። እኛ ግን የሰማነው ምልክቱን ሳይሆን የቀደመውን ጋራዥ ፍርድ ነበር።

ምርመራው በቅደም ተከተል

ጋሼ ያስያዙን ቅደም ተከተል ከቀላሉና ወጪ ከሌለው ይጀምራል።

አንደኛ፣ የዘይት ማጠራቀሚያውን ማየት። በዚህች መኪና ኮፋኖው ሲከፈት የፍሪሲዮኑ ትንሽ ማጠራቀሚያ ከፍሬኑ ተለይቶ ይታያል። አንዳንድ መኪኖች ግን ለፍሬንና ለፍሪሲዮን አንድ ማጠራቀሚያ ይጠቀማሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ፍሬን ላይ ሸራው እያለቀ ሲሄድ ዘይቱ በተፈጥሮው ዝቅ ይላል። ፍሪሲዮን ላይ ግን ዲስኩ ሲሳሳ የሞላው ጣቶች የታችኛውን ፒስተን ወደ ውስጥ ስለሚመልሱት ዘይቱ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ የፍሪሲዮን ዘይት ዝቅ ካለ «ዲስኩ ስላለቀ ነው» አይባልም፤ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። እኛ ከፍተን ስናይ ማጠራቀሚያው ባዶ ለመሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ የቀረውም ዘይት ጠቁሯል።

ሁለተኛ፣ ከፔዳሉ በላይ መዳሰስ። የላይኛው ፖምፓ ሲያፈስ ዘይቱ በፔዳሉ ዘንግ በኩል ወደ መኪናው ውስጥ ይወርዳል፤ ምንጣፉም ይረጥባል። የእኛ ደረቅ ነበር።

ሦስተኛ፣ የታችኛውን ፖምፓ የአቧራ መከላከያ ላስቲክ ገለጥ ማድረግ። በዚህች መኪና ፖምፓው ከካምቢዮው ቀኝ ጎን፣ ከውጭ ነው ያለው። ከሥር ስናየው ውጩ አቧራ የጠጣ፣ ደረቅ መስሎ የሚታይ ነበር። እህታችን የላስቲኩን ጫፍ በጣቷ ገለጥ ስታደርግ ግን ጥቁር ዘይት እጇ ላይ ፈሰሰ። ፒስተኑ ላይ ያለው የላስቲክ ጎሚኒ ተበልቷል።

አራተኛ፣ የሚያፈስ ነገር ካልተገኘ አንድ ሰው ፔዳሉን በዝግታ ረግጦ ይያዝ። ፔዳሉ ቀስ እያለ ከሰመጠ፣ ዘይቱም ካልጎደለ፣ የላይኛው ፖምፓ ጎሚኒ ከውስጥ ያሳልፋል ማለት ነው። ይህ ተንኮለኛ ብልሽት ነው፤ ማርሹ በመጀመሪያ ይገባል፣ መብራት ላይ ቆሞ ሲጠበቅ ግን መኪናው መሳብ ይጀምራል።

አምስተኛ፣ ሌላ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ የታችኛው ዘንግ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚወጣ መለካትና ከመኪናው ማኑዋል ጋር ማነጻጸር። ጉዞው ካነሰ ችግሩ የፈሳሹ መስመር ወይም የፔዳሉ ማያያዣ ነው። ጉዞው ሙሉ ሆኖ ፍሪሲዮኑ አልለይ ካለ ግን ችግሩ ውስጥ ነው፦ የታጠፈ ሹካ፣ የተሰበረ ኩሽኔታ ወይም ዘንጉ ላይ የተጣበቀ ዲስክ። ካምቢዮ ለማውረድ በቂ ምክንያት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር እናስታውስ። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች የታችኛው ፖምፓ ከካምቢዮው ውስጥ፣ ከኩሽኔታው ጋር ተጣምሮ ይሠራል። በዚያ ጊዜ ለትንሽ ጎሚኒም ካምቢዮ ይወርዳል። ስለዚህ «ካምቢዮ ይወርዳል» ያለን መካኒክ ሁሉ አታላይ አድርገን አንጠርጥር። መጠየቅ ያለብን «ፖምፓው ከውጭ ነው ወይስ ከውስጥ?» ብለን ነው።

ለባለቤቱ መንገር

ከመኪናው ሥር ስንወጣ የከበደን ሥራው አልነበረም። ሰውየው ለሙሉ ፍሪሲዮን ሊከፍል ተስማምቷል። ዝም ብንል የሚያውቅ አልነበረም። ጋሼ «የፈረዳችሁት እናንተ ናችሁ፤ የምትነግሩትም እናንተ ናችሁ» አሉን። ሄደን፣ ሳናይ መናገራችንን፣ ዲስኩ አልቋል የሚያሰኝ ምልክት እንደሌለና ያፈሰሰው የታችኛው ፖምፓ መሆኑን ነገርነው። ጥቂት ዝም አለና «እንግዲህ ያኛውም ጋራዥ አላየም ማለት ነው» አለ። የሚያፍር ፊታችንን አይቶ ነው መሰል ሌላ አልጨመረም።

ጥገናው

ከመኪና ሥር ከመግባት በፊት መሬቱ ሜዳ ይሁን፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማው ሥር ታኮ ይደረግ። መኪናው በክሪክ ከተነሳ በኋላ በካቫሌቶ ላይ ይቀመጥ። ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለመያዣ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት ራስን ለጥፋት ማጋለጥ ነው።

ፖምፓው በሁለት ቡሎን ተይዟል። ከመፈታቱ በፊት የቱቦው ዳዶ ይላላል፤ በኋላ ፖምፓው በእጅ ተንጠልጥሎ ዳዶውን መታገል ቱቦውን ይጠመዝዘዋል። ዳዶው ለስላሳ ስለሆነ በፒንሳ አይነካም፤ ልክ የሆነ ቁልፍ ይፈልጋል።

የተፈታው ፖምፓ የሚታጠበው በንጹሕ የፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ነው። ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም የሞተር ዘይት የፍሬን ጎሚኒን ያሳብጠዋል፤ አዲሱም በቀናት ውስጥ ይበላሻል። ከታጠበ በኋላ የሲሊንደሩ ውስጥ በብርሃን ይታያል፣ በጥፍር ይዳሰሳል። ለስላሳ ከሆነ ጎሚኒውን ብቻ መቀየር ይበቃል። ዝገት የበላው ጉድጓድ ጥፍር ከያዘ ግን አዲሱን ጎሚኒ እንደ ሞረድ ይበላዋልና ሙሉ ፖምፓው ይቀየራል።

የእኛን ጥፍር ያዘው። ለዚህች መኪና ዕቃው ሶማሌ ተራ ስላልተገኘ ባለቤቱ ዱባይ ያለ ዘመዱን አስልኮ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነ። ልኩ የተቀራረበ የሌላ መኪና ጎሚኒ አስገብቶ መኪናዋን በዕለቱ ማስረከብ ይቻል ነበር፤ ከጋራዡ በር ትወጣ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መንገድ ላይ የምትቆመው በእርሱ ላይ ነው። የላይኛውም ፖምፓ እኩያው ስለሆነ አብሮ ቢቀየር እንደሚመከር፣ ግን ለጊዜው ደህና መሆኑን ነግረነው ምርጫውን ለእርሱ ተውን። ሁለቱንም አስመጣ።

ጎሚኒ ብቻ የሚቀይር ሰው ከንፈሩ ወደ ዘይቱ በኩል መዞሩን ያረጋግጥ። ግፊቱ ከንፈሩን እየከፈተ ከግድግዳው ጋር እንዲያጣብቀው ነው የተሠራው፤ ተገልብጦ ከገባ ከመጀመሪያው ቀን ያፈሳል።

የዘይቱ ዓይነት በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ይጻፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይደባለቅም። ዶት 3 ደረቅ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ይስባልና ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አይገባም። ቀለምም ይበላል፤ ቦዲው ላይ ከተንጠባጠበ ወዲያው በውሃ ይታጠብ።

አየር ማውጣት

ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ፔዳል ላይ፣ አንዱ ሥር። በታችኛው ፖምፓ የአየር ማውጫ ቡሎን ላይ ቀጭን የሚያሳይ ቱቦ ይሰካል፤ ጫፉ ትንሽ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ከሥር ያለው «ርገጥ» ይላል፤ ከላይ ያለው በዝግታ ረግጦ «ያዝኩ» ይላል። ቡሎኑ ይከፈታል፤ ዘይትና አረፋ ይወጣል፤ ይዘጋል። «ልቀቅ» የሚባለው ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ከተለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ፔዳሉ ወለል ላይ ከቀረ በእጅ ይነሳል።

በየጥቂቱ ማጠራቀሚያው ይታይ። አንዴ ከደረቀ ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያ ይጀምራል። እኛ አንድ ጊዜ በወሬ ተጠምደን አድርቀነዋል፤ የቀኑን ሁለተኛ ጠርሙስ ያስከፈተን ያ ነው፤ ዋጋውም ከእኛ ኪስ ወጣ።

አረፋው ሲያልቅ የፔዳሉ ነጻ ጉዞ ይታያል። ፔዳሉ ሲነካ ዘንጉ ፒስተኑን ከማግኘቱ በፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር ባዶ መሄድ አለበት። ጨርሶ ከሌለ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው መመለሻ ቀዳዳ ይዘጋና ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በትንሹ እንደተረገጠ ይቀራል። ያን ጊዜ ዲስኩ ይንሸራተታል፤ አንዱን በሽታ ስናድን ሌላውን ተከልን ማለት ነው።

የመጨረሻው ፈተና ቀላል ነው። ሞተሩ ይነሳ፤ ፔዳሉ ይረገጥ፤ ጥቂት ሰከንድ ተጠብቆ የኋላ ማርሽ ይግባ። ማዝዳዋ ያለ አንዳች ድምፅ ገባች። በነጋታውም ላስቲኩን ገልጠን አየን፤ ደረቅ ነበር። አልሐምዱሊላህ።

እጅን ከላስቲኩ ሥር ማስገባት

የዚያን ቀን ለዙሁር ውዱእ ለማድረግ ስንሄድ ግራሶውን ከጥፍራችን ሥር ለማስለቀቅ ረጅም ጊዜ ፈጀብን። ከመካከላችን አንዱ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ያገኙበትን ታሪክ አስታወሰ። ላዩ ደረቅ ነበር። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲናገር፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ስለ ማታለል የሚታወቀው ብርቱ ማስጠንቀቂያ የተነገረውም በዚያ ነው።

እኛ ማንንም ለማታለል አላሰብንም ነበር። ሆኖም ሳናይ በመፍረዳችን ሰውየው የማያስፈልገውን ዕቃ ሊገዛ ተቃርቦ ነበር፤ ለእርሱ ኪስ ደግሞ ያልታሰበ ስህተትና የታሰበ ማታለል ልዩነት የላቸውም። ሐላል ሪዝቅ የሚጀምረው ገንዘቡን ከመቀበል በፊት፣ እጅን ከላስቲኩ ሥር ከማስገባት ነው። ነገ መኪና ለምንጠግነው ብቻ አይደለም፤ ሕመምተኛ ለምንመረምረው፣ ሒሳብ ለምንመረምረው፣ በሰዎች ጉዳይ ለምንፈርደውም ጥያቄው የጋሼ ጥያቄ ነው፦ ምኑን አይታችሁ ነው?

አላህ (ሱ.ወ) የሚጠቅመንን ያሳውቀን፤ ባወቅነውም የምንሠራ ያድርገን።